ሁለት ድስት ያለው ቤት

ጅግጅጋ የተመለስኩት ዕቃዬን ልወስድ ነበር። አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩባት ከተማ በዚያ ክረምት ስትታወክ እኔ ለእረፍት ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እናቴ የጅግጅጋ ስም በቤቷ እንዲነሳ እንኳ አልፈለገችም። እዚያው ደብረ ብርሃን አቅራቢያ የሚቀበለኝ ትምህርት ቤት ተገኘ፤ የቀረኝ ነገር ቢኖር መልቀቂያዬን መጨረስና አልጋዬንና መጻሕፍቴን ጭኜ መሄድ ነው። ይህንን ለአከራዬ አልነገርኳትም። ሻንጣዬን ይዤ ግቢ ስገባ ግንባሬን ሳመችኝና «ከስተሻል» አለችኝ፤ ለምን መጣሽ፣ ምን ልታደርጊ መጣሽ አላለችም። እኔም ዛሬ እነግራታለሁ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሳምንቱን ገፋሁት።

ኤዶ ነው የምላት፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ጨርቅ እየነገደች የምታሳድግ፣ አማርኛዋን ገበያ ላይ የለቀመች ሴት ናት። ክፍሏን በተከራየሁ ሰሞን ቡታጋዝ ላይ ለራሴ ሽሮ ሳንተከትክ አየችኝ። ሰው ለብቻው ሲበላ ማየት አትችልም፤ በዚያው ቀን እጄን ይዛ ማዕዷ ላይ አስቀመጠችኝ። እነሱ ያረዱትን እኛ ክርስቲያኖቹ፣ እኛ ያረድነውን እነሱ እንደማንበላ ሁላችንም እናውቃለን። ኤዶ ለዚህ ነገር ብዙም አልተጨነቀችም፤ ሄዳ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ገዛች። ከዚያ በኋላ የፍየሉ ወጥ በትልቁ፣ የእኔ ምስር በትንሹ ድስት ጎን ለጎን ይበስላል፤ ሩዙ ለሁላችንም በውሃ ብቻ ይቀቀላል፤ ትሪው አንድ ነው። ማማሰያ እንዳይቀያየር ልጆቹን የምትቆጣው እሷ ናት። ረቡዕና ዓርብን ከእኔ ይልቅ እሷ ታስታውሳለች፤ እኔማ ስንቴ ረስቼ እሷ አስታውሳኛለች።

አንድ ጠዋት ታብሌት የያዘች ሴት መጣች። ጥናት ነው ብትልም ሰፈሩ ሁሉ ቆጠራ ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን ነገር ሰው ሥራዬ ብሎ ሲሠራበት ማየት ነበር። በቆጠራ አንድ ቤት የሚባለው ዘመዳሞች የሚሰበሰቡበት አይደለም፤ በመደበኛነት አብረው የሚኖሩና አብረው የሚመገቡ ሰዎች ናቸው። ልጅ ሌላ ከተማ ሄዶ ከከረመ፣ እናቱ አልጋውን በየቀኑ ብታነጥፍለትም እዚያ ቤት አይቆጠርም። ተማሪዎቼ ይህ ግፍ ነው ብለው ሲከራከሩኝ እስቅባቸው ነበር።

ሴትየዋ ልጆች ስንት ናቸው ስትል ኤዶ ቁጥር አልጠራችም፤ ልጅ በቁጥር አይጠራም እሷ ዘንድ። አንድ በአንድ እየሰየመች በየመሃሉ ማሻአላህ አለች፤ ያችም የአገሩ ልጅ ናትና ቁጥሩን ሳታነሳ በዝምታ መዘገበች። ከዚያ ኤዶ ወደ እኔ ጠቆመች።

«እሷንም ጻፊያት። መዓሊማ የኛ ናት።» መምህርቷ ማለቷ ነው።

«አብራችሁ ነው የምትበሉት?» አለች ሴትየዋ፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ።

ኤዶ ደረቷን ነፋች። «አብረን ነው። ግን ወላሂ፣ የኛ ሥጋ አንድ ቀን ምግቧን አልነካም። ለሷ ለብቻ ድስት አለ።» ማድ ቤት ገብታ ድስቷን ይዛ ወጣች። «ይኸው። ክረምት ሄዳ በዚህ ሳምንት እስክትመለስ ማንም አልነካውም።»

የሴትየዋ ጣት ታብሌቱ ላይ ቆመ። «ምግቧ ለብቻ ነው የሚበስለው?»

«ለብቻ ነው እንጂ!» አለች ኤዶ፣ ይበልጥ ኮርታ።

ኤዶን ዝም በይ ማለት አማረኝ፤ ግን አልፏል። ሴትየዋ እንግዲያው እሷ ሌላ ቤተሰብ ናት፣ ለብቻዋ ነው የምትመዘገበው አለች። ኤዶ ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን አየችኝ። ምን ያህል እንደምትጠነቀቅልኝ ለማሳየት ያነሳችው ድስት ከቤቷ አስወጣኝ። ተናደድኩና መከራከር ጀመርኩ። ምድጃው አንድ ነው፣ ዘይቱ ካንድ ጄሪካን ነው የሚቀዳው፣ ድስቱ የሃይማኖት ነገር እንጂ የቤት ክፍፍል አይደለም አልኩ። ሴትየዋ ግትር አልነበረችም፤ ለአለቃዋ ደወለች። ሰውየው ከወዲያ በኩል ብዙ ተናገረ። ስልኩን ስትዘጋ ወደ እኔ ዞረች።

«የድስቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ እዚህ የምትኖር መሆኗን ራሷን ጠይቂያት ነው ያለኝ። ክረምት ላይ ሄደሽ ገና መመለስሽ ነው። ከዚህ በኋላ ለመኖር አስበሻል? ስድስት ወር፣ ከዚያም በላይ?»

ኤዶ እንድትመልስልኝ ጠበቅኩ። ስለ ቤቱ ሰው ሁሉ ስትመልስ ያረፈደች ሴት አሁን ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች። ያኔ ለምን እንደመጣሁ ማወቋ ገባኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ታውቅ ነበር። አፈርኩ። እናቴን አሰብኳት፣ ያነጠፈችልኝን አልጋ አሰብኩ። አላሰብኩም ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ ግን ውሸት መሆኑ ታወቀኝ። መኖር እፈልግ ነበር። እናቴም፣ ትምህርት ቤቱም፣ እኔ ራሴም መሄድ ይሻላል አይሻልም ስንል ከረምን እንጂ ትፈልጊያለሽ ወይ ያለኝ አልነበረም።

«አዎ፣ አስቤያለሁ» አልኩ።

ሴትየዋ ማዕዱ አንድ ከሆነ ይበቃል ብላ ከኤዶ ልጆች ቀጥላ መዘገበችኝ። ዝምድና የሚለው ላይ «ዝምድና የሌላት» የሚለውን ስትነካ አየኋት። ኤዶ ማንበብ አትችልም፤ እኔም አላነበብኩላትም። ሴትየዋ አመስግና ወደ ጎረቤት አለፈች።

ኤዶ ማድ ቤት ገባች፤ ተከትያት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ምስር ትለቅማለች።

«ልጆቹን አትጠይቋት ብያቸው ነበር» አለች። «ዕቃሽን ልትወስጂ የመጣሽ መስሎኝ።»

«ልወስድ ነበር የመጣሁት ኤዶ» አልኳት።

ዞር አለችና በልብሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እናትሽስ?»

ለእናቴ ገና እንዳልነገርኳት፣ እንዴት እንደምነግራትም እንደማላውቅ ነገርኳት። ኤዶ ምስሩን ወደ ጎን አስቀመጠችና አጠገቧ እንድቀመጥ በርጩማ ሳበችልኝ።

«ደውዪላት» አለችኝ። «አንቺ ምንም እንዳትያት። እኔ ነኝ የምለምናት።»