ሃምሳ አለቃው የለመነኝ አንድ መስመር

ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ፊደልን ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ለይቼ እዚህ የደረስኩ ሰው ነኝ። ኮልፌ ቀራንዮ ባለው ዕድራችን በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ከእኔ በቀር የሚጽፍ የለም። ዲግሪ ያላቸው ልጆች ሞክረዋል። ለቀስተኛው ማዛጋት ሲጀምር ተመልሰው ወደ እኔ መጥተዋል።

የአጥር ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ ግን ሳይሞት መጣ።

"የእኔን አሁን ጻፍልኝ፤ ሬሳ ሆኜ እርማት መስጠት አልችልም" አለኝ።

ሃምሳ አለቃ በሰሜን ግንባር የስልክ ሽቦ ዘርጊ ነበር። ጦሩ ሲበተን በእግሩ አገር አቋርጦ ወደ ሚስቱና ወደ ሦስት ሴት ልጆቹ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ አሳደጋቸው። ቁርጥማት የሚስቱን ጣቶች ሲያስራቸው የልጆቹን ፀጉር የሚሠራ ጠፋ። እሱ ተማረ። አሁንም ይታየኛል፤ ቅዳሜ ጠዋት ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ አንዷን በጉልበቶቹ መሃል አስቀምጦ፣ ሚዶውን በጥርሱ ነክሶ ሹሩባ ሲሠራ። ሁለቱ ተራ ይጠብቃሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ቀሚሱንስ መቼ ነው የምትለብሰው?" እለዋለሁ በአጥሩ ላይ።

"በጥይት ስር ሽቦ ስቀጥል የኖርኩ ሰው የአንዲት ልጅ ፀጉር ያቅተኛል? ይልቅ ና፣ ያንተንም ልሥራልህ። ውይ፣ ረስቼው፤ መላጣ ነህ ለካ!"

ልጆቹ ይንከተከታሉ። ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ሦስቱንም እስከ ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ሸኝቶ ሲያሳፍራቸው፣ የሹሩባቸው መስመር እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ያለ ነበር።

አምስት ገጽ ጻፍኩለት። ምሽጉን፣ መድፉን፣ የተራራውን ብርድ በቦታው በቦታው አስገባሁ። ሳነብለት እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ሹሩባውስ?" አለኝ።

"የምን ሹሩባ?"

"የልጆቼ ነዋ። አንድ መስመር አስገባልኝ።"

"ወንድሜ፣ ካህናት በቆሙበት ስለ ሹሩባ አይነበብም። ሰው ይስቅብሃል።"

"ያላየኸውን ጦርነት አምስት ገጽ ሞላህ። በየቅዳሜው በዓይንህ ያየኸውን አንድ መስመር ነፈግከኝ?"

ብዕሬን የሚነካብኝ ሰው አልወድም። "የአንተ ሙያ ሽቦ ነው፤ የእኔ ጽሕፈት" አልኩት። ሳቅ ብሎ ሄደ። ዳግመኛ አላነሳውም፤ እኔም አላስገባሁትም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አረፈ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ማይኩን ይዤ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ጨረስኩና ቀና አልኩ። ሦስቱ ልጆቹ ከሣጥኑ አጠገብ ቆመዋል። ለሐዘኑ ፀጉራቸውን ፈትተውት ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ቀጥ አድርጎ የሠራው ፀጉር ትከሻቸው ላይ ተበትኗል።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ያልጻፍኩትን ነገር በቀብር ላይ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

"ይህ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሹሩባ ይሠራ ነበር" አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ግን ቀጠልኩ። ዱካውን፣ በጥርሱ የያዘውን ሚዶ፣ በእኔ መላጣ የቀለደውን ሁሉ ተናገርኩ። ታላቂቱ እያለቀሰች ፈገግ አለች፤ እጇ ወደ ፀጉሯ ሄደ።

አርባው ካለፈ በኋላ ታላቂቱ ዓለም ባንክ ሰፈር ካለው ቤቷ ድረስ መጣች።

"ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገሩትን ይጻፉልኝ። ለልጆቼ አስቀምጠዋለሁ።"

"አንድ ስርዝ የሌለው አምስት ገጽ አለልሽ እኮ፣ ልጄ።"

"እሱን አይደለም ጋሼ። የሹሩባውን።"

ጻፍኩላት። እሱ አንድ መስመር ነበር የለመነኝ፤ ሁለት ገጽ ተኩል ሆነለት። ያማረ ጽሑፍ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግልባጩን አንዳንድ ቅዳሜ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ስጨርስ ወደ አጥሩ ቀና እላለሁ። እርማት የሚሰጠኝ የለም።