በር ላይ የጻፍኩት ቁጥር

ጧት ከጎንደር ተነስቼ ወደ መተማ ዮሐንስ የሄድኩት ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ነው። የምማረው ከተማና ክልል ፕላን ነው። አማካሪዬ ከከተማዋ ዳር ያለውን ሰፈር ቤት ለቤት ዞሬ እንድመዘግብ ላኩኝ፤ ከሳተላይት የተነሳ ምስልም አሸከሙኝ። «ሰፈሩን ሳታዪ ስለ ፕላኑ እንዳትጽፊ» ብለውኛል።

ከአይከል በኋላ ሚኒባሱ ቁልቁል ሲወርድ ሹራቤን አወለቅሁ። ሸኸዲ ላይ ፉል በልተን ቀጠልን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሰሊጥ ጫኝ መኪናና በአጨዳ ሠራተኛ ተሞልቷል። አጠገቤ አንድ የጎጃም ሰው ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አጋድሞ ተኝቷል። መኪናው በነጠረ ቁጥር ዓይኔን ከማጭዱ መንቀል አቃተኝ።

መተማ

ሰፈሩ ከምስሉ ጋር አልገጥም አለኝ። ምስሉ ላይ ባዶ የሆነው ቦታ ቤት ሆኗል፤ ቤት የነበረበት ደግሞ ባጃጅ ቆሞበታል። አጫጅ ሲመጣ ሰፈሩ ይሰፋል፣ ሲሄድ ይጠባል። አንዱን ቤት ሁለቴ እንዳልመዘግብ ብዬ የጨረስኩትን በር ሁሉ በጠመኔ ቁጥር ጻፍኩበት። በብልሃቴ ኮራሁ።

በማግስቱ ግን ግራ ገባኝ። ከመንገዱ በስተግራ ያሉት ቤቶች ቁጥራቸው ታጥቧል። በስተቀኝ ደግሞ ገና ያልደረስኩባቸው በሮች ሳይቀሩ ቁጥር አላቸው፤ የእኔ ጽሕፈት ግን አይደለም። ሙቀቱ ነው ያዞረኝ ብዬ ጥላ ፍለጋ ሄድኩ።

ትናንት የመዘገብኳቸው እትዬ ዘርፌ፣ ለአጫጆች ምግብ የሚሸጡ ሴት፣ እርጥብ ጨርቅ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ሰዎቹ ቁጥሩን ምን አድርገውት ነው፣ እትዬ?»

«የፈራው አጠበው። ቁጥር የተጻፈበት ቤት ይፈርሳል ይላሉ።»

«እነዚያ የጻፉትስ?»

«እነሱ ደሞ ቁጥር ላለው ቤት የይዞታ ካርታ ይሰጠዋል ብለው ነው። አንች ንገሪኝ እንጅ ልጀ፣ ልጥረገው ወይስ ልተወው? ከዚች ቤት ሌላ የለኝም።»

«እኔ ተማሪ ነኝ፤ ለጥናት ብቻ ነው።»

«ጥናቱ ሲያልቅስ?»

ጥናቱ ሲያልቅ ማዘጋጃ ቤት ይገባል። ሰፈሩ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ፈርሶ መንገድም ሊወጣበት ይችላል። ሁለቱንም ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ የትኛው እንደሚሆን ግን የነገረኝ የለም።

«አላውቅም» አልኳቸው። አፈርኩ።

«ሳታውቂ ነው የጻፍሽብኝ?»

አልተቆጡም። ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀድተው ሰጡኝ፤ ስልክ ቁጥሬንም ተቀበሉኝ፤ ጨርቁን ግን ከእጃቸው አላስቀመጡትም።

ጎንደር

አማካሪዬ «ስንት ቤት አገኘሽ?» ሲሉኝ፣ ሰዎቹ ባጠቡትና በጨመሩት ቁጥር መሐል መጥፋቴን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «አስቢበት» አሉኝ። ምዝገባውን እንደገና ልጀምር ወይስ ርዕስ ልቀይር እያልኩ ስብሰለሰል እትዬ ዘርፌ ደወሉ።

«ጠመኔው ሊጠፋ ሆነ፤ በዘይት ቀለም አስደገምኩት።»

«ቢያፈርሱትስ?»

«ቢያፈርሱትም ቢሰጡኝም፣ የጻፍሽው አንች ነሽ። ያን ቀን ቁመሽ ትናገሪልኛለሽ።»

ትምህርቱ ያልነገረኝን የመተማ ጉዞ ነገረኝ፤ በሰው በር ላይ ቁጥር መጻፍ ቃል መግባት ነው። ምን ብዬ ቃል እንደገባሁ ግን እስካሁን አላውቅም። «እሺ» ብቻ አልኳቸው።

«እንግዲያ ስልክሽን እንዳትቀይሪ» ብለው ዘጉት።