ለቢጫው የተተወ ቦታ

ጎረቤቴ ነፃነት የፕላስቲክ አበባ ጠላት ናት። ሳሎኔ ውስጥ ያለውን ባየች ቁጥር «ሙሉጌጥ፣ ይሄን ጉድ መቼ ነው የምትጥይው?» ትለኛለች። እኔም አልጣልኩትም፣ እሷም አልተወችኝም። ወሰን ሰፈር ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር እኔ ልጆቼን ድሬ ጨርሻለሁ። እሷ አላገባችም፤ ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በእጇ ነው ያለፈው። መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር ኖራ፣ ዓይኗ ሲደክም ሥራውን ተወችው። ልጆቹ ግን አልተዉአትም፤ ቅዳሜ ጠዋት ደጃፏ ላይ ተኮልኩለው «ቲቸር፣ ቲቸር» ይላሉ።

ሥዕል ታስተምራቸዋለች። ቀለም ከሱቅ አይገዛም። ከሰል ይፈጫሉ፣ ቀይ አፈር ይነፋሉ፣ ቅጠል ይጨምቃሉ፤ ልብሳቸውን የሚያጥቡት እናቶች የሚሏትን እኔ ነኝ የምሰማው። ሕጓ አንድ ነው፤ ያላያችሁትን አትሳሉ። አንዱ ፀሐይን ከነጥርሷ ከሳለ «ስትስቅ የት አየሃት?» ብላ ታፋጥጠዋለች። ተይው እንጂ፣ ልጅ አይደለም እንዴ ብላት አትሰማም። ግትር ናት፣ ምን ይደረግ።

አምና በእንቁጣጣሽ ወንዶቹ ልጆች ይዘውላት የመጡት የአበባ ሥዕል ሁሉ ፎቶ ኮፒ ነበር። በዓሉን በኩርፊያ ዋለች። «አንዳቸውም አደይን አያውቁትም» አለችኝ። ኅዳር ላይ ልጆቹን ሰብስባ፣ እኔንም በግድ አስከትላ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። ከባሕር ዛፉ ግርጌ የደረቀውን የአደይ ራስ በመዳፋችን እያሸን ዘሩን በፌስታል ያዝን። ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ የእኔ አይደለም።

ግንቦት ላይ ከቤታችን ጀርባ፣ በጎርፍ መውረጃው ዳር ባለችው ክፍት ቦታ ዘሩት። ሲበቅል እያንዳንዱ ልጅ አንድ ተክል መርጦ «የእኔ» አለ፤ እንዳይጠፋበትም አጠገቡ ድንጋይ አኖረ። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ወጥተው የየራሳቸውን ይስሉ ነበር፤ ዛሬ ቅጠል፣ ሌላ ጊዜ ቅርንጫፍ፣ ነሐሴ ላይ እምቡጥ። ለቢጫው ደግሞ እርድ በብርጭቆ በጥብጣ መስኮቷ ላይ አስቀምጣለች። ለወጥ ስጪኝ ብላት ልትደበድበኝ ምንም አልቀራት።

ከሰኔ ወዲህ ነገሩን ለምን እንዲህ እንዳከረረችው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የዓይን ግፊት አለባት፤ ብርሃኗን ቀስ በቀስ እየወሰደባት ነው። ሰኔ ላይ ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት። «መጪውን መስከረም ያያሉ። ከዚያ ወዲያ ላለው ግን ቃል አልገባልዎትም» አላት። በታክሲ ስንመለስ «ቢጫውን አንዴ ልየው፤ እነሱም ሲስሉት ልይ። ከዚያ የመጣው ይምጣ» አለችኝ። እግዚአብሔር ያውቃል አልኳት። ሰው መላ ሲያጣ የሚለውን ነው ያልኩት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ለሐኪም ቀጠሮዋ ክንዷን ይዤ ሄድን። ከመገናኛ ስንመለስ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ተክለብርሃን ማጭድ ይዘው በሩ ላይ ይጠብቁናል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኗል፣ ፊታቸው ግን በርቷል።

«ነይ ልጄ፣ ነይ» አሏት። «የልጆችሽን ቦታ አጸዳንልሽ። ለበዓሉ እንዲያምርላቸው ብዬ ወጣቶቹን አስተባበርኩ።»

ሄድን። መሬቱ ተላጭቷል። የልጆቹን ድንጋዮች ሰብስበው ኖራ ቀብተዋቸው፣ ዳር ለዳር ደርድረዋቸዋል። ነፃነት ጎንበስ ብላ መሬቱን በእጇ ዳበሰችው።

«አጨዳችሁት?» አለች።

«ማጨድማ ተመልሶ ይበቅላል። ከነሥሩ ነው የነቀልነው» አሉ እሳቸው በኩራት።

«አቶ ተክለብርሃን» አልኩ፣ «አደዩን እኮ ነው የነቀሉት።»

ሰውዬው ግራ ገባቸው። «አደይማ አበባ አለው» አሉ።

እዚያው ልጣላቸው ነበር። ግን ምን ብዬ? ለእንቁጣጣሽ ደጁን የማያጸዳ ማን አለ? አደይን ሁላችንም የምናውቀው አብቦ፣ ታስሮ፣ ገበያ ሲመጣ ነው። እኔም ያን ቀን ቤት ብውል ኖሮ መጥረጊያዬን ይዤ እወጣ ነበር። የነቀሉትንም መውረጃው ውስጥ ጥለውት ጎርፍ ወስዶታል። የሚሰደብ ሰው አጥቼ ማልቀስ ጀመርኩ። ነፃነት «ተይ፣ ሽማግሌውን አታሳቅቂያቸው» አለችኝና «እግዜር ይስጥልኝ» ብላቸው ገባች።

በዋዜማው አቶ ተክለብርሃን ከሾላ ገበያ አንድ እቅፍ አደይ ገዝተው መጡ። መግባት አቅቷቸው በር ላይ ለእኔ ሰጡኝ። ከእርዱ ብርጭቆ አጠገብ ውኃ ውስጥ አስቀመጥኩላት። አሸተተችው፣ መረቀቻቸውም።

በማግሥቱ ልጆቹ መጡ። አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የሰፈራችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጅ ሀሴት ግን ሥዕሏን ዘረጋችላት። ነፃነት ወደ መስኮቱ ወስዳ አፍንጫዋ እስኪነካ አስጠጋችው። ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ የተበላው ቅጠል ሳይቀር ሁሉም በቦታው አለ። አናቱ ላይ ግን ባዶ ነጭ ክቦች ናቸው።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው፣ ሀሴትዬ?»

«የአበባው ቦታ ነው ቲቸር።»

«ቢጫውስ? እርዱ ይኸው፣ አደዩም ይኸው። እያየሽ ልትቀቢው ትችያለሽ እኮ።» እንዲህ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም።

ልጅቷ የገበያውን አደይ አየችው፣ ሥዕሏን አየችው። «ይሄኛው የእኔ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የእኔ አላበበችም። ያላያችሁትን አትሳሉ ብለሽናል።»

እጄ ለጥፊ ተነሥቶ ነበር፣ ባልዋሽ። አንድ ጣት እርድ ነው፣ ምን ነበረበት? ነፃነት ግን የልጅቷን ራስ ደባበሰች።

«ልክ ነሽ» አለቻት። «ለከርሞ እንደገና ትዘሪያለሽ፤ ስታብብ ትቀቢዋለሽ።»

ሀሴት ደስ ብሏት ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። ነፃነት ሥዕሉን አጥፋ ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለችኝ። «ስትቀባው ምን እንደሚመስል ትነግሪኛለሽ።»