ጭሷን ያጣች መርከብ

ናይሮቢ ካለው ሳውዝ ሲ ሠፈር የተነሣነው አራት ነበርን። ሐጂ ከማል የኢስሊ ገበያ ጨርቅ ነጋዴና የአንዲት አነስተኛ የጭነት መርከብ ባለቤት ናቸው። ሀናን ናይሮቢ ያደገች ልጃቸው ናት። ጋሽ ሙሒዲን የመርከቧ ሞተረኛ ሲሆኑ፣ ናይሮቢ የመጡት ለሕክምና ነበር። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ያረጁ የናፍጣ ሞተር ኖዝሎችን እየፈታሁ የጥገና ሙያን ለብቻዬ የተማርኩ።

የጉዞው ምክንያት የጋሽ ሙሒዲን ሳንባ ነው። ሐኪሙ፣ «ወይ ጭሱ ይቀንሳል፣ ወይ እርስዎ ከሞተር ክፍል ይወጣሉ» ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቁም። ሐጂ ሞተሩን አስተካክዬ ጭሱን በመቀነስ ለአንድ ጉዞ ብቻ እንድንሞክር ፈቀዱ።

ምቲቶ አንዴይ

ወደ ሞምባሳ የሚወስደን አውቶቡስ እዚህ ለምሳ ቆመ። ሻይና ቻፓቲ በመቶ ሃምሳ ሽልንግ በላን። ከመንገዱ ማዶ ቀዩ አፈር በነፋስ ይነሣል። ጋሽ ሙሒዲን ሳሉና ሶፍታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጋሼ፣ ባሕሩን ይተዉትና ማታቱ ታክሲ ላይ ይሥሩ» አለች ሀናን።

«የኔ ሞተር ያጨሳል እንጂ አይሳደብም።»

ሞምባሳ

የመርከቧ ሞተር ኖዝሎች ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ሲገባቸው ያንጠባጥቡ ነበር። የናፍጣ ማጣሪያው ፊልትሮ ታፍኗል። ፍጥነት እንዲጨምር ተብሎ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ከልክ በላይ ተከፍቷል። ኖዝሎቹን ቀየርኩ፣ ፊልትሮውን አጸዳሁ፣ ፖምፓውን ወደ ልኩ መለስኩ። ሞተሩ ሲነሣ ትንሽ ግራጫ ጭስ ወጣ፤ ሲሞቅ ጠፋ። ጋሽ ሙሒዲን ከሞተር ክፍል ብቅ ብለው ወደ ጭስ ማውጫው ቀና አሉ።

ደሴቱ

ሩዝ፣ ስኳርና ጨርቅ ጭነን መርከቧ ዘወትር ወደምትመላለስበት ደሴት በዝግታ ተጓዝን። ከሰዓት በኋላ ስንደርስ መውረጃው ባዶ ነበር። ሌላ ጊዜ ሴቶቹ ማንጎና ደረቅ ዓሣ ይዘው ይጠብቃሉ።

«ባባ፣ ሞሺ የለም፣ ዋቱም የለም» አለች ሀናን። ጭስ ከሌለ ሰውም የለም ማለቷ ነው።

ቢ ዙሁራ የሚባሉ አሮጊት ብቻቸውን ወደ መውረጃው መጡ። የደሴቱ ሰው መርከቧ መምጣቷን የሚያውቀው ከሩቅ በሚታየው ጥቁር ጭስ መሆኑን በስዋሂሊ ነገሩን። «ዛሬ ሰማዩ ባዶ ሲሆንብን ሰጥማለች ብለን ዱዓ ይዘናል» አሉ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ፖምፓውን እንደነበረ ክፈተው።»

«ሐጂ፣ ጭሱ ከተመለሰ እኔ አልመለስም» አሉ ጋሽ ሙሒዲን።

ቢ ዙሁራ የክርክሩን ምክንያት ሀናንን ጠየቁና ከጭነቱ ላይ ያለውን ነጭ ጣቃ በጣታቸው አመለከቱ። «ይህን ከጭስ ማውጫው በላይ ስቀሉ። ዓይናችን ጨርቅም ያያል።»

«ከጭስ ማውጫው በላይ ነጭ ጨርቅ?» አሉ ሐጂ። «ሞምባሳ ሳንደርስ ይጠቁራል። ከጠቆረ ፖምፓው ይከፈታል።»

ጋሽ ሙሒዲን ጨርቁን ራሳቸው ሰቀሉት።

መልስ

ሞምባሳ ላይ ጨርቁ ወረደ። ጨው ይዞታል። የታችኛው ጠርዝ ግራጫ ሆኗል፤ ሌላው ነጭ ነው። ሐጂ በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ጣታቸውን አዩ። ከዚያ ጨርቁን አጥፈው ለጋሽ ሙሒዲን ሰጧቸው። «ለሚቀጥለው ጉዞ አስቀምጠው» አሉ።

ጋሽ ሙሒዲን እዚያው ሞምባሳ ቀሩ፤ እኛ ሦስታችን ናይሮቢ ገባን። ጭስ መቀነስ ሞተሩን ማስተካከል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያንን ጭስ ዓይኑን ተክሎ የሚጠብቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው መፍቻ ያነሣሁት።

ሐጂ፣ ሀናን፣ በዚህ ጽሑፍ የዘለልኩት ካለ ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩትንም አርሙ። ጋሽ ሙሒዲን፣ እርስዎ ደግሞ ሳልዎ እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ።