ከቤታቸው በላይ ያስቆፈርሁት ቦይ

ቁጣዬ ቅርብ ነው። ቶሎ እነዳለሁ፣ ቶሎ እበርዳለሁ፤ የተናገርሁት ግን ከሰው ጆሮ አይወጣም። ይህን የተማርሁት ዘግይቼ፣ ፈጣም ሸለቆ ውስጥ ነው።

ቡሬ አካባቢ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። አንድ ግንቦት ላይ የፈጣምን ወንዝ ተከትለህ ውረድ፣ ናዳ የሚያሰጋውን ቦታ በካርታ አስፍር ተባልሁ። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ጂፒኤሱን ይዤ ዳገቱን አግድም እሄዳለሁ፤ የተሰነጠቀ መሬት፣ የተንጋደደ ባሕር ዛፍ፣ አምና ያልነበረ ምንጭ ባየሁ ቁጥር ነጥብ እይዛለሁ። ቢሮ ስመለስ የሚያሰጋውን ቀይ፣ የሚያጠራጥረውን ቢጫ፣ ደህናውን አረንጓዴ እቀባለሁ። ቀይ ውስጥ የገባ ቤት ክረምቱ ሳይጠና መነሣት አለበት።

ከመሣሪያው ይልቅ የምተማመነው ግን በበር ነው። ዳገት መንቀሳቀስ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጣመመው መቃን ነው። ስለዚህ በየቤቱ፣ «በራችሁ እንደ ድሮው ይገጥማል ወይ?» እያልሁ እጠይቃለሁ። ሰዉ ይስቅብኛል፤ «አናጢ ሆንህ እንዴ?» ይለኛል።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ካሉት ቤቶች ዳር ያለው አንዱ ቤት በሩ አልገጥም ብሎ ነበር። የአጥሩ እንጨት በሙሉ ወደ ወንዙ አጎንብሷል። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ ከሚስታቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ሳያቸው አወቅኋቸው። ሰላም ብዬ ስንጥቁን ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ስንጥቁ አንድ ረጅም ቦይ ይዞ ነው የሚሄደው። ቦዩ ከእሳቸው ቤት በላይ ይጀምርና የጎረቤቶቹን ቤት ሁሉ እያለፈ ይቀጥላል። ያስቆፈርሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በበጋው የዘመቻ ሥራ፣ ያን ዳገት ትሬንች አስቆፍሬበት ነበር። ትሬንች ዝናቡን ይዞ መሬት ውስጥ እንዲያሰርግ አግድም የሚቆፈር ቦይ ነው። በውሃ ልክ እየለካሁ፣ ጣት ታህል እንኳ ሳያዘነብል ነው ያስወጣሁት። ለብዙ ዳገት መድኃኒት ነው። እኒህ ሰው ግን ያን ጊዜ፣ «ልጄ፣ ይህ መሬት ውሃ አይችልም። ከሥሩ የሚያንሸራትት አፈር አለው፤ አባቶቻችን በፈሰስ ነው ያቆዩት» አሉኝ። ፈሰስ ማሳውን በሰያፍ በማረሻ እየቀደዱ ዝናቡን ቶሎ ወደ ገደል የሚያስወጡበት ቦይ ነው። እኛ ባለሙያዎች አፈር ያሳጥባል እያልን አንወደውም።

ሰምቼ ብመረምር ምን ነበረበት? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ለስብሰባ እንደተቀመጠ ስማቸውን ጠራሁና፣ «አፈራችንን ለሱዳን የሚያስረክቡት እንዲህ ያሉ ኋላ ቀሮች ናቸው» አልሁ። ሕዝቡ ሳቀ። በሳምንቱ ፈሰሳቸውን በገዛ እጃቸው ደፈኑት።

እንግዲህ ከዳገቱ ወርጄ፣ «አባቴ፣ ቦታው ሊናድ ነው፤ ሐምሌ ሳይገባ ይነሡ» አልኋቸው።

«ምን አገኘው?»

«የተፈጥሮ ነገር ነው።»

«ተፈጥሮ አካፋ ይዞ ሲመጣ ያየሁትስ ያን ጊዜ ነው» አሉ። አልነሣም ብለውም ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ።

በሳምንቱ ተመልሼ ለመንሁ፤ እንቢ አሉ። በልቤ ካፈርሁ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው፣ ሽማግሌው በኩራታቸው ሚስታቸውን ሊያስፈጁ ነው እያልሁ ተናደድሁ። በሦስተኛው ጊዜ ዳገቱን ስወጣ ግን ንዴቴ አለቀ። ግቢያቸው ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ማንም ሳይሰማን፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዳገቱን በቦዩ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ» አሉኝ። «አደባባይ ሰድበህ ጓዳ ትክሳለህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ኋላ ቀር ሰው።»

ሚስታቸው ከበሩ ሥር ፊታቸውን አዞሩ። ሳቃቸውን ይሁን እንባቸውን የደበቁት አላውቅም። በሩን ነቅለው ግድግዳ አስደግፈውታል፤ መዝጋቱን ትተውታል።

አደባባይ ቆሞ አጠፋሁ ማለትን ፈራሁ፤ አልዋሽም። ከእንግዲህ በዘመቻ አካፋ አንሡ ብል ማን ይሰማኛል? አለቆቼስ ምን ይሉኛል? እንዲህ እያልሁ ሁለት ሳምንት አባከንሁ። የሰኔ ዝናብ መጣ፤ ስንጥቁ እጄን ያስገባ የነበረው ክንዴን አስገባ። ከዚያ በኋላ ምን ያስመርጣል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን አለቃ አስፈቅጄ፣ ያኔ የቆምሁበት ቦታ ቆምሁ። «እዚህ ቆሜ እኒህን አባት ኋላ ቀር ብያለሁ። ትክክለኛው እሳቸው ነበሩ። ይህ ዳገት በእኔ ቦይ ውሃ ጠጥቷል፤ ሊናድ ነው። ይቅር በሉኝ» አልሁ። አንድም ሰው አልሳቀም። ከኋላ አንዱ፣ «ቦዩ ከእኛም ቤት በላይ ያልፋል እኮ፤ እኛስ?» አለ። የእነሱን ቤት ቢጫ ቀብቼው ነበር። «ጫፉን ከፍተን ውሃውን ወደ ገደል እናስወጣው፤ ዛሬ ነገ ሳንል» አልሁ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ማክሰኞ ቤቴን የሚያነሣልኝ ወንፈል እፈልጋለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ማክሰኞ መንደሩ በሙሉ ወጣ። ቆርቆሮው ወረደ፣ ምሰሶው ተነቀለ፣ ሁሉም በሰው ትከሻ ሜዳው ላይ ወዳለው የወንድማቸው ልጅ ማሳ ተጓዘ። የቀረው ኃይል ቦዩን እየከፈተ ውሃውን ለቀቀ። እኔም ቆፈርሁ፤ እጄ ተላጠ።

ነሐሴ ላይ፣ ረፋድ ላይ፣ የዳገቱ ዳር ወረደ። ቤቱ የነበረበት መሬት እንዳለ ወንዙ ውስጥ ገባ። የጎረቤቶቹ ቤቶች ቆመው ቀሩ። እንደ ሰማሁ ሮጬ ስደርስ ሽማግሌው ከናዳው ጫፍ ራቅ ብለው ቆመዋል። አጠገባቸው ቆምሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «መጀመሪያ በመጣህ ዕለት እሺ፣ እነሣለሁ ብልህ ኖሮ፣ ያን እሑድ ሕዝብ ፊት ትቆም ነበር?»

ዓይኔን ወደ ናዳው መለስሁ።

«እኔማ መጠጊያ የወንድሜ ልጅ ነበረልኝ» አሉ፣ በጣታቸው የቆሙትን ቤቶች እያሳዩኝ። «አንተ ባትናገር የእነዚህን ቦይ ማን ይከፍትላቸው ነበር? ለዚህ ነው እንቢ ያልሁህ።»