ካወር የሚለው ቃል

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ እኔና ጓደኛዬ ደባርቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየን። ከገጠር መጥቶ ከተማ የሚማር ልጅ ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ሁለት ሦስት ሆኖ ይከራያል፣ በገበያ ቀን ከቤተሰቡ ስንቅ ይመጣለታል። እኛ የአንድ ደብር ሴት ልጆች ነበርን። አገራችን ከከተማው ወደ ሰሜን ተራሮች በሚያወጣው መንገድ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። የእሷ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ የእኛ ከታች ነበር።

የክፍላችን ግድግዳ ጭቃ ሆኖ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ነበር። የእንግሊዝኛ ቃላት እየጻፍን መሰብሰብ የጀመርነው እዚያ ጋዜጣ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ያመጣችው እሷ ናት። ጎረቤታችን የነበረ አስጎብኚ፣ ቱሪስት ጥሎት የሄደ መጽሐፍ ሰጣት፤ ዝናብ መትቶት ያበጠ፣ ግማሽ ገጹ የሌለ። እዚያ ውስጥ ‘ክራግ’ የሚል ቃል አገኘች። መምህራችንን ስትጠይቀው ወጣ ወጣ ያለ፣ ሹል፣ ድንጋያማ ገደል ማለት ነው አላት። ተያይተን ሳቅን። ዕድሜ ልካችንን ስናየው የኖርነው ነገር በሰው አገር ቋንቋ እንዲህ ያለ አጭር ስም ይኖረዋል ብለን አላሰብንም ነበር። በወፍራም እስክሪብቶ ከአልጋችን በላይ ጻፍነው።

ከዚያ በኋላ ማንም የሚያውቀውን ቃል ተውነው። ያልተለመደ ሲሆን ብቻ ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ዓረፍተ ነገር ይሠራለታል። ሕጉን ያወጣችው እሷ ነበረች፤ በዓይናችን ያላየነውን አንጽፍም አለች። ለ‘ድሪዝል’ ማለትም ለካፊያ፣ ‘ድሪዝሉ ጨው ሻጯ ጆንያዋን እስክትሸፍን አልጠበቃትም’ የሚል ሠራን። ‘ቶተር’ መንገዳገድ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወጥቶ የደረሰ የጭነት መኪና ረዳት ሲወርድ አየንና ‘ረዳቱ ቶተር እያደረገ መሬቱን በእግሩ ፈለገው’ አልን። አከራያችን ውሻ ነበራቸው፣ አጥንቱ የሚቆጠር። ከስቶ አጥንቱ የወጣ ማለት የሆነው ‘ጋንት’ የእሱ ሆነና ከዚያ ወዲያ ስሙም ጋንት ሆኖ ቀረ። አከራያችን ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ እሳቸውም ጋንት ብለው መጥራት ጀመሩ።

ብዙውን ጊዜ ነገሩን የማየው እኔ ነበርሁ። እሷ ደግሞ ያየሁትን ተቀብላ አሳጥራ፣ አሹላ ትመልስልኛለች። እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። እሷ ማይክሮፎን ሲሰጧት እንኳ ቤቷ ያለች ነበር የምትመስለው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ከአንድ የፈተና ምንባብ ‘ካወር’ የሚል ቃል አገኘን። ፈርቶ፣ ተኮማትሮ፣ አንገትን ቀብሮ መደበቅ ማለት ነው። እሷ ጭልፊት ስታይ የምትደበቅ ዶሮ ብላ ጀመረችና ይህንን ሁሉም ሰው ይለዋል ብላ ተወችው። ውጭ በረዶ ይጥላል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል። እኔ አንድ አለኝ አልኋት። ለማንም ያልተናገርሁትን ነገርኋት።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ የድንበር ጠብ የነበረን ሰዎች ዱላና ጠመንጃ ይዘው ቤታችን መጡ። እናቴ ደጃፉ ላይ ወጥታ፣ የለም፣ ገበያ ሄዷል አለቻቸው። አባቴ ግን ቤት ነበር። ከእህሉ ጎታ ኋላ ተንበርክኮ፣ ነጠላውን ራሱ ላይ ጥሎ፣ አፉን በእጁ ይዞ ነበር። እኔ መደብ ላይ ተቀምጬ አየሁት፤ እሱም እንዳየሁት አየ። ሰዎቹ ሄዱ። አባቴና እኔ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ስጨርስ ጓደኛዬ እጄን ያዘችና፣ “ይሄን ግድግዳው ላይ አንጽፈውም” አለችኝ። እንደዚያን ቀን የወደድኋት ጊዜ የለም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በወላጆች በዓል ላይ የእንግሊዝኛ ክበብ ውድድር አዘጋጀ። ተወዳዳሪው ያልተለመዱ ሦስት ቃላት መርጦ በዓረፍተ ነገር ያቀርባል። የምትወዳደረው እሷ ነበረች፤ ቃላቱን የመረጥነው ግን አብረን ነው፤ ክራግ፣ ድሪዝልና ቶተር። አጥንተናቸው፣ እኔ ዳኛ ሆኜ እሷ አልጋው ላይ ቆማ ስትለማመድ ሰነበትን።

አባቴ ጋቢውን አሳጥቦ፣ ሌሊት ተነስቶ በጠዋት ደረሰ። የጓደኛዬን ግንባር ስሞ፣ አገራችንን አታሳፍሪን ብሎ መረቃት። ከእኛ ደብር የመጡት ወላጆች ሽማግሌነቱን አክብረው ከፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር ከጎን ቆምሁ።

ከእሷ በፊት የወጣው የከተማ ልጅ ብዙ ተጨበጨበለት። እሷ ስትወጣ ክራግን አለች፤ ጥሩ ነበር። ድሪዝልን ስትል ተማሪው ስለ ጨው ሻጯ ሳቀ፤ ዳኞቹ ግን አልሳቁም፣ አንዱ እንዲያውም ሰዓቱን ያይ ነበር። ይህንን እሷም አይታለች። ለአፍታ ወደ እኔ ዞረችና ዓይኗን መለሰች። ከዚያ፣ “ካወር” አለች።

ዓረፍተ ነገሩን ገና ሳትለው ሰማሁት። ሚስቱ ብቻዋን ደጅ ቆማ፣ ሰውዬው ከጎታው ኋላ ካወር አደረገ፤ ልጁም አየችው። ሰዓቱን ያይ የነበረው ዳኛ ቀና አለ። መድረክ መሪው ነገሩ ጣመውና ወላጆችም እንዲሰሙት በአማርኛ አስረጂ አላት። ታየኝና ትተወው ይሆናል ብዬ ከቆምሁበት ወደ ፊት ወጣሁ። እሷ ከሰው ራስ በላይ እያየች ነበር።

ጥርት ባለ አማርኛ አስረዳች። ባላንጣዎቹ ሲመጡበት ሚስቱን ደጅ አቁሞ ከጎታ ኋላ የተደበቀ ሰው አለ፤ በአገራችን የሆነ እውነት ነው፤ ካወር ማለት እንዲህ ያለ ፍርሃት ነው አለች። ወላጆቹ ሳቁ። ከደብራችን የመጣ አንድ ሰው ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ የማን ቤት ይሆን ሲል ሰማሁት። አባቴ የጋቢውን ጥለት ጉልበቱ ላይ ያስተካክል ነበር። ሰው ሲያጨበጭብ እሱም አጨበጨበ። አንደኛ ወጣች፤ አዲስ መዝገበ ቃላት ተሸለመች።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ አባቴ ያመጣልኝን ዳቦና ቆሎ ሰጠኝ።

“አንቺ ነሽ የነገርሻት?” አለኝ።

አዎ አልሁት።

“እሺ” አለ።

ሌላ ጊዜ ከተማ ሲመጣ ዘመድ ቤት ያድር ነበር። ያን ቀን አላደረም፤ ወደ ተራራው የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሄደ።

ክፍላችን ስገባ መዝገበ ቃላቱን አልጋው ላይ ዘርግታ ታገላብጣለች። ለምን እንዳደረገችው ጠየቅኋት። ስም አልጠራሁም አለች። ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር እኮ አልኋት። መምጣቱን አላወቅሁም ነበር አለችኝ። ይህን ስትለኝ ግንባሯ ላይ የአባቴ ከንፈር ካረፈ ገና ግማሽ ቀን አልሞላውም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከሌሎች ልጆች ጋር ተከራየሁ።

አገር ቤት ነገሩ እስኪታወቅ ብዙ አልቆየም። የድንበሩን ጠብ ሁሉም ያውቀው ስለነበር ቤቱን መለየት አላስቸገራቸውም። ጎረምሶቹ አባቴን ‘ጎታው’ ብለው ሰየሙት። እሱም ለሽምግልና ሲጠሩት አመመኝ ማለት አበዛ፣ ኋላም መጥራቱን ተዉት።

ያን ክረምት እናቴ ገብስ ስትፈትግ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ድንገት ሙቀጫውን ትታ ቀና አለች።

“ከጎታው ኋላ የገፋሁት እኔ ነኝ” አለች። “ጠመንጃውን ከእጁ ነጥቄ ገብሱ ውስጥ ቀበርሁት። ቢወጣ ወይ ይገድል ነበር ወይ ይሞት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደሙ በልጅ ልጅ አያልቅም። በልጆችህ ብዬ ለምኜ ነው ያንበረከክሁት። አፉን የያዘውም እንዳይጮህባቸው ነው።”

ለሰዎቹ ለምን አትነግሪያቸውም አልኋት። ከልክሎኛል አለች። ሚስቱ ተከራከረችለት ከሚሉኝ ጎታው ቢሉኝ ይሻለኛል ብሏታል። ዘነዘናዋን ያዘች። ጓደኛዬ ያን ሁሉ ሰው ያሳቀችበት ነገር እውነት እንኳ እንዳልነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መድረኩ ፈርሷል፣ ሰው ተበትኗል፤ ለማን ይነገራል?

ከዓመታት በኋላ ዳባት እንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ሳለ ከጎንደር ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው እሷ ሆነች። ጎንደር ለቱሪስቶች ጉዞ ታዘጋጃለች፤ እንግዶቿ ደባርቅ እየጠበቋት ነበር። አቅፋ ሳመችኝ። ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አወራን። እሷው ናት ያነሳችው። እስከ ዛሬ ተቀይመሻል አይደል አለችኝ። ቀጠለችና፣ “ያለን ምርጡ ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር፤ አንቺም ታውቂዋለሽ” አለች።

‘ያለን’ ማለቷ ከሁሉም ባሰብኝ። ቢሆንም አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ይወቅ ብዬ እናቴ ያለችኝን ነገርኋት፤ ጠመንጃው ገብስ ውስጥ መቀበሩን፣ ልመናውን፣ አባቴ እናቴን መከልከሉን። አንገቷን ደፍታ በጥሞና ሰማችኝ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና ጠጋ አልሁ፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ለራሷ። የድሮውን ዓረፍተ ነገር ይዛ፣ ሚስቱ ባሏን ከጎታው ኋላ የምትገፋበትን፣ ጠመንጃውን ገብሱ ውስጥ የምትቀብርበትን ጨምራ፣ ካወርን ወደ መጨረሻው አዛውራ ሞከረችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

“ይሄ እንዲያውም ይበልጣል” አለችኝ።

ዳባት ገና አልደረስንም ነበር። ለረዳቱ ወራጅ አለ አልሁት። ምን ሆንሽ፣ እዚህ ምን አለሽ እያለች ነበር፤ ዕቃዬን አንስቼ ወረድሁና የቀረውን መንገድ በእግሬ ገባሁ። አባቴ እስከ ዛሬ አለ፣ አርጅቷል። ስለዚያ ጉዞ አልነገርሁትም። ዓረፍተ ነገሩን ለእንግዶቿ ትናገረው እንደሆነ አላውቅም።