ሰባት ጥንድ እግር በመኪናችን ኮርኒስ ላይ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የገዛትን አሮጌ መኪና ይዘን ከሚሴ መናኸሪያ ጀርባ ወዳለ የመኪና ወንበር ሰፊ ዘንድ ሄደን ነበር። የመኪናዋ የጣሪያ ጨርቅ፣ እነሱ ኮርኒስ የሚሉት፣ ከላይ ለቆ እንደ ጠገበች ፍየል ሆድ ተንዘርጥጦ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንገቱን ሰብሮ እንዲሄድ ያስገድዳል። ወጣቱ ሠራተኛ ኮርኒሱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና የማስቲሹን ቆርቆሮ ሲከፍት፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ጭንቅላት ቀለል የሚያደርግ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እኔም የሃምሳ ዓመት ሴትዮ፣ የልጅ እናት፣ ተማሪ የሚፈራኝ መምህርት መሆኔን ረስቼ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ወጣቱ ደነገጠ። "እናቴ፣ ሽታው ነው? ወጣ ይበሉ" አለኝ። ጨርቁን በመዳፉ እየደለደለ ሲለጥፍ አይቼ "በእግር አይጫንም እንዴ?" ብዬ ስጠይቀው፣ ልጄ አፍሮ ወደ ስልኩ አቀረቀረ።

በልጅነቴ የነበረችን መኪና ከኋላዋ እንደ ሳጥን የረዘመች፣ ድሮ ሰማያዊ እንደነበረች አባቴ ብቻ የሚምልላት አሮጊት ነበረች። አባቴ ሰኞ ሰኞ ለባቲ ገበያ ሰው ይጭንባት ነበር፤ ለስንት ሰው እንደተሠራች የሚያውቁት የሠሯት ሰዎች እንጂ እሱ አልነበረም። "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መንገዱ ያስተካክላችኋል" እያለ ነጋዴውን ከነከረጢቱ፣ ባልቴቷን ከነዶሮዋ ይደረድራል። ከኋላ የሚሳፈሩት ሴቶች ለገበያ ቀን ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ስለሚመጡ፣ መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ብድግ ሲሉ ኮርኒሱም ከቅቤው ድርሻውን ይወስዳል። ቅቤውና የቆላው ፀሐይ ተጋግዘው ሙጫውን አስለቀቁት። አባቴ መጀመሪያ በመርፌ ቁልፍ ያዘው፤ መርፌ ቁልፍ ሲያልቅበት በግራር እሾህ ወጋጋው፤ አንድ ቀን የአንድ ሼህ ጥምጥም እሾሁ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ሼሁ ባዶ ራሳቸውን ኮምቦልቻ ከወረዱ ወዲህ እናቴ በዚያች መኪና መሄድ ተወች።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ እንጂ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም፣ የአክስቴ የዘሃራ ሠርግ እስኪደርስ ድረስ። ዘሃራ የአባቴ የመጨረሻ እህቱ ናት፤ አያቶቼ ቶሎ ስለሞቱ እንደ ልጁ አሳድጓታል፣ እኔም ጡት ከጣልኩ ጀምሮ የምተኛው ከሷ ጎን ነበር። ለአንድ የባቲ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ታጭታ፣ ሠርጉም ለእሑድ ተቆርጦ ሳለ፣ ረቡዕ ዕለት የሙሽራው ሽማግሌዎች መጥተው ለሙሽራዋ ከደሴ አዲስ መኪና እንልካለን አሉ። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። "ይችን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኋት። ከቤቴም የምትወጣው በኔ መኪና ነው" አላቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጢማቸውን እየዳበሱ "መልካም፤ ግን ሙሽራ እሾህ ሥር አትቀመጥም። እሑድ ጠዋት መኪናህ ለሙሽራ የምትሆን ካልሆነች የኛዋ ደጅህ ቆማ ታገኛታለህ" ብለውት ሄዱ። አባቴ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም፤ አባቴ ምሳ የዘለለበት ሌላ ቀን ደግሞ በቤታችን አይታወቅም።

ከሚሴ ያኔ የመኪና ወንበር ሰፊ አልነበራትም፣ የደሴው ባለሙያ ደግሞ ሳምንት ይፈጅበታል ተባለ። ስለዚህ አባቴ መኪናዋን እየነዳ የሄደው ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ጋሽ ሰይድ ነበር። ጋሽ ሰይድ ገበያው አፍ ላይ በረንዳ ይዘው ኮት የሚሰፉ፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው የማያወርዱ፣ በዕድሜያቸው "ይሄን አልችልም" የምትለዋን ቃል ከአፋቸው አውጥተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። መኪናዋን ሁለቴ ዞሯት፣ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ኮርኒሱን በጣታቸው አሹትና ፈገግ አሉ። "ይሄማ ገበር ነው" አሉ። "መኪናዋ ኮት ናት፣ ይሄ ገበሯ ነው። ወላሂ ከኮት ይቀላል፤ እጅጌ የለውማ!"

ቅዳሜ ጠዋት የመኪናዋ ወንበሮች ወጥተው ግቢያችን ውስጥ ተደረደሩ፤ ዶሮዎቻችን ጊዜ ሳያጠፉ ወጥተው ተቀመጡባቸው። አሮጌው ጨርቅ ሲገፈፍ ሥሩ የነበረው ስፖንጅ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ኖሮ በላያችን ዘነበ። ጋሽ ሰይድ የቀረውን በቢላዋ ጀርባ ፋቁ፣ ቆርቆሮውን በቤንዚን ጠረጉ፣ ያመጡትን ወተት የመሰለ ገበር በልክ ቆረጡ፣ ማስቲሹንም በቀለም ብሩሽ ሳይሰስቱ ለቀለቁት። እስከዚያ ቀን ድረስ እሳቸው የሚያውቁት ማጣበቂያ ለኮት ኮሌታ የሚቀቡትን የዱቄት ሙጫ ነበር፤ የዱቄት ሙጫ ደግሞ እርጥብ እንዳለ ይጫናል፣ እስኪይዝም አይለቀቅም። ማስቲሽ ግን ከተቀባ በኋላ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ተጠብቆ እንደሚለጠፍ የነገራቸው ሰው አልነበረም፣ ቢነግራቸውም የሚሰሙ አይመስለኝም።

ጣሪያውን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚጫን እጅ ከየት ይምጣ? "እጅ ይዝላል፤ የሚበጀው እግር ነው" አሉና ወደ መንገዱ ወጥተው የሰፈሩን ልጆች ሰበሰቡ፤ የማንንም እናት አላስፈቀዱም፣ ማስፈቀድ የሚባል ነገርም ያኔ አልነበረም። ከኔ ጋር ሰባት ሆንን። እናቴ ለሶላት የምንቆም ይመስል እግራችንን በማንቆርቆሪያ ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት አሳጠበችን፤ የመኪናዋ ወለል ላይ ሰሌን ተነጠፈና ጎን ለጎን ተጠባብቀን በጀርባችን ተኛን። ጋሽ ሰይድ ሥራ ሲሞቅባቸው አማርኛቸው ይጠፋና ኦሮምኛው ብቻ ይቀር ነበር። "ሚላ ኦል!" ብለው ሲጮኹ አሥራ አራት እግር ወደ ላይ ተነስቶ ጨርቁን ደገፈ። "ጀባዳ፣ ልጆች! ጀባዳ!" እያሉ በመስኮቱ ያበረታቱን ጀመር።

እስከ መቼ እንደምንጫን የሚነግር ሰዓት ስላልነበረ ጋሽ ሰይድ ከቁርአን የያሲንን ምዕራፍ አንዴ ቅሩ አሉን። ገና አፋችንን ሳንከፍት እናቴ ከጓዳ ወጥታ "አስተግፊሩላህ! እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ነው ቁርአን የሚቀሩት?" ብላ እኚያን የማያፍሩ ሰው አሳፈረቻቸው። ከዚያም ራሷ በረንዳው ላይ ሥርዓት ይዛ ተቀመጠችና ያሲንን መቅራት ጀመረች፤ እኛ በዝምታ ጫንን። ያሲን አለቀ። እናቴ ግን ዱዓ ጨመረች፤ ለዘሃራ፣ ለሙሽራው፣ ለመንገዱ፣ ለጨፋ ሜዳ ማሽላ፣ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ላስቸገራቸው ከብቶች ሁሉ፣ በመጨረሻም ድምፅዋ እየተሰበረ ዘሃራ ለምትጎድልበት ለዚህ ቤት። እኛ እግራችን ደንዝዞ ጉንዳን የወረረን እየመሰለን "አሚን" እንላለን። ከጎኔ የተኛው የጎረቤታችን ልጅ ሁሴን ሳቁን ልዋጥ ሲል አስነጠሰው፤ ያኔ ሁላችንም ተንፈቀፈቅን።

አውርዱ ስንባል እግራችን አልወረደም። ሳብነው፤ አልመጣም። ስስ የሆነው ገበር እግራችን በተጫነበት ሁሉ እርጥቡን ቡናማ ማስቲሽ ጠጥቶ እኛ ድረስ አሳልፎት ነበር። ከጣሪያው እየተላቀቅን፣ ስንላቀቅ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ አዲስ ሳቅ እየሆነብን ተራ በተራ ስንወርድ፣ ጋሽ ሰይድ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ቀና አሉ፤ እኛም ቀና አልን። ኮርኒሱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ተለጥፏል። ግን ከዳር እስከ ዳር አሥራ አራት ቡናማ እግር ከነጣቱ፣ ከነተረከዙ ታትሞበታል።

ሌላ ገበር አልነበረም፣ ቢገኝም ጊዜው አይበቃም። አባቴ አንዷን ዶሮ ገፋ አድርጎ ግቢው መሃል ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ። "በቃ፣ የደሴዋ ትምጣ" አለ ቀስ ብሎ። ጋሽ ሰይድ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ የአባቴን ፊት ሳይ፣ ያበላሸነው ኮርኒሱን ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኝ ጮክ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ዘሃራ ሙሽራ ናትና ከጓዳ እንዳትወጣ ተከልክላ፣ እጅና እግሯን ሂና ተቀብታ እስኪደርቅላት ተቀምጣ ነበር። ለቅሶዬን ስትሰማ ግን ክልከላውን ጥሳ፣ ጣቶቿን ዘርግታ በተረከዟ እየተራመደች መጣች። አንገቷን አስገብታ ኮርኒሱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ሳቀች፤ ያን ሳቋን ጨፋ ያሉ ገበሬዎች ሳይሰሙት አልቀሩም። "ጋሼ" አለችው አባቴን፣ "የደሴዋ መኪና እንዲህ ያለ ጣሪያ አላት?" መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። "የተረፈውን ሂና አምጡልኝ! እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የምሞሸረው? እነሱም ይሞሸሩ።"

ጓደኞቿ ሰሌኑ ላይ እየተጋደሙ፣ እሷ ከበር ቆማ እያዘዘች፣ እያንዳንዱን እግር ዙሪያውን በሂና ከበቡት፤ ተረከዙ ላይ አበባ፣ ጣቶቹ መካከል ነጠብጣብ፣ ልክ እሷ እጅ ላይ እንዳለው አድርገው ጌጥ ሠሩለት። ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የአስር ሶላት ሳይደርስ ሥራው አለቀ፤ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ነገር ከዚያ ወዲህ ማየቴን እንጃ። ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው ሲያዩት ቆዩና ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። "እኔም ያሰብኩት እንዲሁ ነበር" አሉ።

እሑድ ጠዋት የደሴዋ መኪና እያብለጨለጨች መጥታ ደጃችን ቆመች። ጢማቸውን የሚዳብሱት ሽማግሌ ወረዱ፣ የኛን መኪና በመስኮት አጮለቁባት፣ ቀና አሉ፣ ቀና እንዳሉም ቆዩ። ሽማግሌው አንገታቸውን አወጡና ለራሳቸው ሾፌር "አንተ ከኋላ ተከተል" አሉት። አባቴን የዚያን ዕለት ካልሆነ ሲጨፍር አይቼው አላውቅም።

እኔ ከዘሃራ ጎን ተቀምጬ ሄድኩ፤ ከሚሴን ወጥተን ሜዳውን አቋርጠን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ቆላው እስክንወርድ እጄን አለቀቀችም። ባቲ ስንደርስ ሴቶቹ እልልታቸውን እያቀለጡ መኪናዋን ከበቧት፤ ኮርኒሱን ያዩት ደግሞ ሌላውን እየጠሩ ያሳያሉ። በኛ ወገን ሙሽራ አማቷ አንድ ነገር ካልሰጧት ከመኪና አትወርድም፤ ድሮም ከበቅሎ አትወርድም ነበር አሉ። አማቷ መጥተው "ልጄ፣ ምን ልስጥሽ?" አሏት። ሙሽራ ጮክ ብላ አትናገርምና ዘሃራ ከዓይነ ርግቧ ሥር ጆሮዬን ሳብ አድርጋ አንሾካሾከችልኝ፤ እኔ ደግሞ ባለኝ ድምፅ ሁሉ "እነዚህ ሰባት እግረኞች በየዓመቱ ለአረፋ ቤቴ ይግቡልኝ ትላለች!" ብዬ ጮኽኩ። ሰውየው ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉና ሳቅ አፈናቸው። "አልሐምዱሊላህ! እኔ ግመል የምትል መስሎኝ ነበር። ይግቡ፣ ይግቡ!" አሉ። ዘሃራ ወረደች።

ገባንም። በየአረፋው አባቴ ሰባታችንን በዚያችው መኪና ጭኖ ባቲ ያወርደናል፤ አማቷ በር ላይ ቆመው ይቆጥሩናል፤ አንድ ሰው ከጎደለ ጎደለ ብለው ይቆጣሉ። መኪናዋ ስታረጅ ሂናው በፀሐይ ነጣ፣ ጨርቁ ዳር ዳሩን ተቀደደ፣ ኋላም ተሸጠች፤ የገዛት ሰው ስለ እግሮቹ ሲጠይቀው አባቴ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲያወራለት ዋለ። አባቴ የለም አሁን። ጋሽ ሰይድም የሉም። ከሰባታችን አንዷ ጅዳ ቀረች፣ የአንዳንዶቹን ወሬ የምሰማው ከሰው አፍ ነው፣ ሁሴንም አፈር ከለበሰ ቆየ። አስቀድሞ አራት ሆነን ሄድን፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት።

ያለፈው አረፋ በሚኒባስ ብቻዬን ሄድኩ። ዘሃራ አሁን የልጅ ልጅ ያየች፣ ስትቀመጥ ጉልበቷን የምትይዝ ሴት ሆናለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ምንጣፉ ላይ ሰባት ሳህን ደርድራለች፣ ሁሉም ሥጋ በሥጋ ነው። "አክስቴ፣ የመጣሁት እኮ እኔ ብቻ ነኝ" አልኳት።

"አይቻለሁ" አለችኝ። "አማቴ የሰጡኝ ግን ሰባት ነው፤ እኔ ማን ሆኜ ነው የምቀንሰው?" አለችና ውሃ አምጥታ እጄን አስታጠበችኝ።